አራዳው ትል

የአፈር ተባይ የሚባለው የተክልን ሥር፣ አንገት ወይም ከመሬት በታች ያፈራውን እየበላ የሚኖር ትል፣ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣና የመሳሰለው ሁሉ ነው። ከቅጠል በል ተባይ የሚለየው በመጠኑም በሆዳምነቱም አይደለም፤ ባለመታየቱ ነው። ቅጠል ላይ የሚወጣው አባጨጓሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው፣ ጎመን ሲያኝክ እጅ ከፍንጅ ይያዛል። የአፈሩ ግን ቀን ይተኛል፤ ሰው ሲተኛ ይነሳል፤ በልቶ፣ ሒሳብ ሳይከፍል፣ ወፍ ሳይንጫጫ ይሰወራል። በአዲስ አበባ ፒያሳ፣ በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ለኖረ ሰው ይህ ጠባይ እንግዳ አይደለም። «አራዳ» የሚለው የሰፈሩ ስም የብልጥ ሰው መጠሪያ ሆኖ አገሩን ያዳረሰው በከንቱ አይደለም። አባጨጓሬ ፋራ ነው፤ ቆራጭ ትል አራዳ ነው። አራዳን ደግሞ በጉልበት የያዘው የለም፤ ሰዓቱን፣ መተላለፊያውንና የሚወደውን መጠጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለፒያሳ ሰው ጓሮ ውስጥ አትክልት መትከል የግድ የሆነበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ የከተማው ትልቁ ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ እዚያው አራዳ ላይ ይቆም ነበር። ጣሊያን ገበያውን ወደ አዲስ ከተማ ካዛወረው በኋላም አትክልት ተራ ለፒያሳ ቅርብ ነበር፤ ሽንኩርቱ እየተቁላላ ልጅ ለቲማቲም ይላካል፣ ልጁም ቁሌቱ ሳያርር ይመለሳል። በ2012 ዓ.ም. አትክልት ተራ በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት። ዛሬ ልጅን ወደዚያ ለቲማቲም መላክ ስንቅ አሲዞ መላክ ነው። ጉሊት እርግጥ አለ፤ የጉሊቱ ቲማቲም ግን በታክሲ የመጣበትን ሒሳብ አይረሳም።

መሬቱም እንደ ገበያው ርቋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ፣ በአካባቢው ግቢ የሚባለው ነገር እንደ ጥንት ቡና ቤቶቹ እየተመናመነ ነው። የተረፈው መደብ ብዙውን ጊዜ ስፋቱ አንድ፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው፤ በአንድ በኩል የጎረቤት ቆርቆሮ፣ በሌላው በኩል የልብስ ማስጫ ገመድ ያዋስነዋል። መደብ ያላገኘ በማዳበሪያ ይተክላል። ማዳበሪያ በከተማው አማርኛ ጆንያው ነው እንጂ በውስጡ የነበረው ነገር አይደለም። ተባዩ ለይዞታ ካርታ አይጨነቅም፤ ሦስት ካሬ ሜትሩም ጆንያውም እኩል ይመቹታል።

የአፈር ተባይ መከላከል የሚጀምረው ከመትከል ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በዶማ ነው። የፒያሳ ግቢ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው የኖረበት ስለሆነ ሲቆፈር ከአፈሩ ይልቅ ታሪኩ ይበዛል። የለስላሳ ኮርኪ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ዘመኑ የማይታወቅ የፋሲካ አጥንት፣ የባትሪ ድንጋይ ይወጣል። አጥንቱ ቢቀር ግድ የለም፤ የባትሪ ድንጋዩ ግን አንድም ሳይቀር መለቀም አለበት፤ በውስጡ ያለው ነገር ከማንኛውም ትል የከፋ ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ የተገለበጠ አፈር ለጥቂት ቀን ፀሐይ ሲመታው፣ በውስጡ ተሸሽጎ የነበረው ትልና በቡናማ ቅርፊቱ ተጠቅልሎ የእሳት እራት እስኪሆን የሚጠብቀው ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ቀሪውን ወፍ ይጨርሰዋል። አረሙም በዚያው መነቀል አለበት፤ የቆራጭ ትል እናት እንቁላሏን የምትጥለው አረም በበዛበት እርጥብ ቦታ ስለሆነ፣ አረሙን ከነቀሉ በማግስቱ የሚተክሉ ሰዎች ትሉን ከቁርስ ወደ ምሳ አሸጋገሩት ማለት ነው። ሁለት ሳምንት የሚበላው ያጣ ትል ወይ ይሞታል ወይ ሰፈር ይቀይራል።

ተተክሎ ጉዳት ሲታይ የሚከተለው ምርመራ ነው። የጋራ ግቢ ውስጥ ምርመራ ቀላል አይደለም፤ ተጠርጣሪ ይበዛል። ችግኝ ወድቆ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎረቤት ልጅ ኳስ ነው፤ ቀጥሎ ድመቷ፤ ቀጥሎ ትናንት «እንዴት ያማረ ቆስጣ ነው እትዬ!» ብሎ ያለፈ ሰው ዓይን። ማስረጃው ግን እተክሉ ላይ ነው ያለው። ግንዱ ከመሬት እኩል እንደ መጋዝ ተቆርጦ፣ ቅጠሉ ሳይበላ አጠገቡ ከተጋደመ ቆራጭ ትል ነው። ተክሉ ውኃ ሳያጣ ቀትር ላይ ጠውልጎ፣ ሳብ ሲያደርጉት ያለ ሥር እጅ ላይ ከቀረ የጢንዚዛ ትል ነው። ቅጠሉ ወጣ ገባ ሆኖ ተቦጭቆ፣ በላዩ እንደ ደረቀ ሙጫ የሚያብለጨልጭ መስመር ካለ ቀንድ አውጣ ነው። ተክሉ ሳይሞት ሳይድን፣ ሳያድግ ሳይጠወልግ ወር ከከረመ ደግሞ ሥሩ መታየት አለበት፤ ኔማቶድ የተባለው የማይታይ ትል ሊሆን ይችላል። የልጁ ኳስ የሚጥለው ተክል ከነሥሩ የሚጋደም ነው፤ በዚህ ማስረጃ ብዙ ልጅ ነፃ ይወጣል።

ከሁሉም ልብ የሚሰብረው ቆራጭ ትል ነው፤ የሚበላውን ያህል አይደለምና የሚያጠፋው። ሰኞ ማታ 12 የቆስጣ ችግኝ ይተከላል፤ ማክሰኞ ጧት አራቱ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተጋድመው ይገኛሉ። ትሉ ከአንዱ ጥቂት ጎርሶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ድግስ ላይ ከየሳህኑ እንደሚቀምስ ሰው ነው። እናቱ ግራጫ የእሳት እራት ስትሆን፣ አንዷ ብቻዋን ከአንድ ሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ልጆቿ ሲያድጉ እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ፤ መልካቸው አመድማ ወይም ቡናማ፣ ገላቸው ልሙጥ ነው፤ ሲነኩ እንደ ቀለበት ይጠቀለላሉ። ይህ መጠቅለል ሞኝ ማታለያቸው ነው፤ ጠጠር መስለው ለማለፍ ነው።

ትሉ ከወንጀሉ ቦታ ብዙ አይርቅም። በተቆረጠው ግንድ ዙሪያ፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ክብ ውስጥ፣ አፈሩን በጣት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጫር ጫር ሲያደርጉት ጠግቦ እንደተኛ ይገኛል። ይህ የጧት ሥራ ነው። የማታው ሥራ ደግሞ ከመሸ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ በስልክ መብራት ጎንበስ ብሎ መልቀም ነው። ጎረቤት በመስኮት አይቶ «ምን ጠፍቶ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ትል እየፈለጉ ነው ብሎ መመለስ ብዙ ማብራሪያ ስለሚያስከትል፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ቁልፍ ነው የሚሉት።

መልቀም የሚሰለቸው ሰው ችግኙን አጥር ያበጅለታል። ለዚህ ከሃይላንድ፣ ከባዶው የውኃ ፕላስቲክ፣ የተሻለ ዕቃ እስካሁን አልተገኘም። የሃይላንዱ ወገብ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ እንደ ቀለበት ይቆረጥና ችግኙ መሃል ላይ እንዲሆን ተደርጎ ሦስት ሴንቲ ሜትሩ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ቆራጭ ትል አይዘልም፤ ልሙጥ ፕላስቲክም አይወጣለትም፤ ከሥር ለመሾለክም ጥልቀቱ ይከለክለዋል። ክብሪት እንጨት ከግንዱ ጋር ጎን ለጎን የሚተክሉ አሉ፤ ትሉ ግንዱን ተጠምጥሞ ስለሚቆርጥ እንጨቱ እንዳይዘጋለት ታስቦ ነው። ዘዴው ብልህ ነው፤ ሃይላንዱ ግን ይበልጠዋል። ግንዱ እንደ እርሳስ ከወፈረ በኋላ የትሉ ጥርስ ስለሚሰንፍበት ቀለበቱ ተነቅሎ ለሚቀጥለው ችግኝ ይተላለፋል። ችግኙን በጣሳ ትንሽ አቆይቶ፣ ጠንከር ሲል መትከልም እንዲሁ ይረዳል። ፉርሽካ በሞላሰስ ለውሶ፣ ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ የተባለውን ትል ገዳይ ባክቴሪያ ጨምሮ ማታ መበተንም ይቻላል፤ ባክቴሪያው ሰውንም ዶሮንም አይነካም፤ ችግሩ ፈልጎ ማግኘቱ ነው።

የጢንዚዛ ትል በአንጻሩ ፈጽሞ ሌላ ሰው ነው። ወፍራም፣ ነጭ፣ ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ፊት ለፊት ስድስት እግር ያለው፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ፣ ዓመትና ከዚያም በላይ ከመሬት ሳይወጣ ሥር እየበላ የሚኖር ነው። ወላጆቹ ክረምቱ ሲገባ ማታ ማታ በረንዳ መብራት ላይ ጠው ጠው እያሉ የሚላተሙት ናቸው። ከመብራቱ ሥር ውኃ የያዘ ሳፋ ማስቀመጥ ብዙውን ያስቀራል። እዚህ ላይ ግን የሚፈረድበት ሁሉ ጥፋተኛ አለመሆኑን ማወቅ ያሻል። ብስባሽ ውስጥ የሚገኘው ትልቅ ነጭ ትል አብዛኛውን ጊዜ የበሰበሰ ነገር እንጂ ሕያው ሥር አይበላም፤ እንዲያውም ብስባሹን እያደቀቀ ያገለግላል። መለያ ፈተና አለው። ትሉን ልሙጥ ነገር ላይ ማስቀመጥ ነው። በእግሩ ቆሞ ወይም በጎኑ ተንፏቆ ሊሄድ የሚጣጣረው ሥር በሉ ነው። ተገልብጦ በጀርባው ሽር ብሎ የሚሄደው ብስባሽ በሉ ነው። በጀርባው ተኝቶ ወደፊት መሄድ የቻለ ፍጥረት ይቅርታ ሊደረግለት ይገባል።

የጢንዚዛ ትልን ወደ ግቢ የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ካልበሰለ ፍግ ጋር። ጢንዚዛ እንቁላሏን ትኩስ ፍግ ላይ መጣል ትወዳለች። ፒያሳ ላይ ፍግ ማግኘት ራሱ ጣጣ ነው። በአደባባዩ የቆመው የአባ ዳኘው ምኒልክ ፈረስ፣ ጣሊያን ካነሳው ጥቂት ዓመታት በስተቀር፣ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ የፊት እግሮቹን አንስቶ እዚያው አለ፤ ነሐስ በመሆኑ ግን አንድ ጭብጥ ፍግ እንኳ ሰጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ከጉለሌ በኩል ላም ከሚያረቡ ሰዎች በጆንያ ይመጣል፤ የመጣው እንዳለ መደብ ላይ ከተደፋ ከነተሳፋሪው ነው የሚደፋው። ፍጉ ከደረቅ ቅጠል፣ ከጉሊት ትርፍራፊና ከአሮጌ አፈር ጋር በየንብርብሩ ተከምሮ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ ሲበስል፣ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። በዚህ ሙቀት እንቁላሉም የአረሙ ዘርም ይቀቀላል። ቴርሞሜትር ለሌለው፣ ረጅም እንጨት መሃሉ ድረስ ሰክቶ ማቆየትና ሲያወጡት በእጅ መንካት ይበቃል፤ እንደ ትኩስ ዳቦ ካቃጠለ ሥራው እየሄደ ነው። ክምሩ እየተገለበጠ ሦስት አራት ወር ሲሞላው ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የደን ሽታ ያለው ነገር ይሆናል። ብስባሽ የድሀ ማዳበሪያ ነው ብለው የሚያናንቁትን ዝም ያሰኘ ሥራ በአገሩ ተሠርቷል። በ1996 እ.ኤ.አ. በትግራይ በተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በሱ ኤድዋርድስ አመራር የተጀመረው ሙከራ፣ በብስባሽ የለማ ማሳ በኬሚካል ማዳበሪያ ከለማው የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ አሳይቷል።

ቀንድ አውጣ ሁለት ዓይነት ነው፤ የግል ቤት ያለውና የሌለው። ሁለቱም በምላሳቸው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሏቸው። የባሰው ቤት የሌለው ነው፤ ቀን በድንጋይ፣ በጣውላ፣ በጣሳ ሥር ተጠግቶ ይውልና ማታ ሰላጣ ፍለጋ ይወጣል። ወቅቱ ክረምት ነው። ነሐሴ ላይ፣ ሰዉ ፍልሰታን በጎመን ሲጾም፣ እሱም ያንኑ ጎመን ይጾማል፤ የሚለየው ዓሣም ቅቤም ስለማያምረው ነው። የሚያዘው በመጠለያው ነው። እርጥብ ጆንያ ወይም አሮጌ ጣውላ መደቡ አጠገብ ማታ ተነጥፎ ይታደራል፤ ጧት ሲገለበጥ ተደርድሮ ይገኛል። ድንጋይ ሥር እንደ ሉል የተከማቸ ነጭ እንቁላል ከተገኘም እሱን ማጥፋት ለመጪው ወር ዕረፍት ነው።

ሁለተኛው ዘዴ መጠጥ ነው። ቀንድ አውጣ የእርሾ ሽታ ሲሸተው ራሱን መግዛት አይችልም። ኩባያ ነገር መሬት ውስጥ ይቀበርና ቢራ ይጨመርበታል፤ ጠጪው ሊጠጣ ገብቶ በዚያው ይቀራል። የኩባያው አፍ ከመሬት አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ለሥራ የሚሯሯጡ ደጋግ ጢንዚዛዎችም ሳይጠሩ ይገባሉ። ዝናብ እንዳያቀጥነውም ክዳን ያስፈልገዋል። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የጊዮርጊስ ቢራ ስሙ በዚሁ አደባባይ ደብር ካላቸው ሰማዕት ጋር አንድ ነው፤ ሰማዕቱ ዘንዶ መግደላቸው ሲነገር ኖሯል፤ ቢራው በቀንድ አውጣ ላይ ያለውን ውጤት ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ችግሩ የሒሳቡ ነገር ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ የሚያድነው ሰላጣ ከቢራው ዋጋ አይበልጥም። ስለዚህ የጠላ አተላ፣ ወይም ለብ ባለ ውኃ በስኳር የተበጠበጠ እርሾ ይሻላል፤ ቀንድ አውጣ በመጠጥ ምርጫ አራዳ አይደለም።

የቡና አተላ በመደብ ዙሪያ መበተን በየግቢው የተለመደ ነው። መነሻው እውነት አለው። በሃዋይ የተደረገና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 2 በመቶ ካፌይን ያለበት ውኃ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አሳይቷል። ሲኒ ውስጥ ያለው ካፌይን ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሀገሬው ደግሞ አቦል ብሎ፣ ቶና ብሎ፣ በረካ አድርሶ ነው አተላውን የሚደፋው። ከበረካ በኋላ የቀረው ነገር ቀንድ አውጣ መግደሉ ቀርቶ ሕፃን አያነቃም። ለብስባሽ ክምር ግን ጥሩ ነው። አመድ ይሠራል፤ የቀንድ አውጣውን ልጋግ እየመጠጠ መንገዱን ያከብድበታል፤ አንዴ ካፊያ ሲነካው ግን አመድነቱ ያበቃል።

በቀንድ አውጣ ጉዳይ ኢትዮጵያ ለዓለም የሰጠችው ትልቅ ነገር አለ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከአደባባዩ አጠገብ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል፤ በዓድዋ ግን ሌላም ድል ተገኝቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. እዚያ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉበት። ይህን የሰማ ሁሉ እንዶድ ቀጥቅጦ ሰላጣው ላይ ሊደፋ ይነሳል። ያ ቀንድ አውጣ ግን የውኃ ነው፤ ሰላጣ ሥር ያለው የየብስ ነው። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል በቦይ ወደ ወንዝ ከሚወርድ እዚያው ልብስ ቢታጠብበት ይመረጣል።

ኔማቶድ በዓይን የማይታይ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክር መሳይ ትል ነው። የቲማቲምና የካሮት ሥር ውስጥ ገብቶ ቋጠሮ ያበቅላል። የባቄላ ሥር ላይ የሚታየው እብጠት ሌላ ነው፤ እሱ በጥፍር ሲነካ ይላቀቃል፣ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝማ ነው፣ ተክሉንም ከአየር በተወሰደ ናይትሮጅን ይመግበዋል። የኔማቶዱ ቋጠሮ ግን የሥሩ አካል ስለሆነ አይላቀቅም። ሁለቱን ሳይለዩ የባቄላ ሥር የሚያቃጥሉ ሰዎች ወዳጃቸውን ነው የሚያቃጥሉት። ቋጠሮ ያለበት ሥር ተለቅሞ ይወገዳል፣ ብስባሽ ክምር ላይ አይጣልም። በቲማቲሙ ቦታ በሚቀጥለው ወቅት ሽንኩርት ወይም በቆሎ ይገባል፤ ወይም ማሪጎልድ የተባለው ሽታው ከባድ ብርቱካንማ አበባ ጠቅጠቅ ብሎ አንድ ወቅት ሙሉ ይተከልና በኋላ ከአፈሩ ጋር ይገለበጣል። አንድ ሁለቱን ለጌጥ ዳር ላይ መሰካት ግን ጌጥ ብቻ ነው። ድንች የተከለ ሰው ደግሞ አፈሩን ደጋግሞ ወደ ግንዱ ያስታቅፍ፤ የድንች እሳት እራት የምትወደው ከአፈር ብቅ ያለ ድንች ነው።

ምስጥ ፒያሳ ላይ ከጎመኑ ይልቅ አሮጌ የእንጨት ቤቶችን ስለሚመርጥ የአናጢ ጉዳይ ነው። ጉንዳን ሲመጣ ሰው ቤቱን ለቆ ይወጣል፤ ጉንዳኑ በመንገዱ ያገኘውን ትል ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል፤ ሳይከፈለው የሠራ ብቸኛ ሠራተኛ ነው። ፍልፈል ከእንጦጦ በኩል ሥር እየበላ አፈር ይከምራል፤ በአደባባዩ አካባቢ ግን ከድንጋዩ ብዛት አይደፍርም። እዚህ ከመሬት በታች የቆፈረው ቀላል ባቡሩ ብቻ ነው፤ እሱም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ካሮት አልነካም።

ይህን ሁሉ ያየ ጎረቤት ምክሩ አጭር ነው፦ «ማላታይን ነስነስ ያድርጉበትና ይገላገሉ!» ለቁንጫና ለትኋን የተቀመጠ ነገር ከየቤቱ አይጠፋም። አፈር ውስጥ የገባ መርዝ ግን ትሉን ከነጠላቱ ነው የሚፈጀው፤ ጢንዚዛውንም፣ መቶ እግሩንም፣ የመሬት ትሉንም፣ እነሱን የበላውን ወፍም። የሚቀጥለው ዙር ቆራጭ ትል ሲመጣ የሚያስቆመው ፍጥረት አይኖርም። መርዝን መጣልም ከባድ ነው። አገሪቱ ጊዜው ያለፈበትን 1,500 ቶን ያህል ፀረ ተባይ ለማስወገድ ከ2000 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ፊንላንድ ድረስ ልካ ማስቃጠል ነበረባት። ከግቢ ቁም ሳጥን የወጣች አንዲት ብልቃጥ ግን ፊንላንድ የሚያደርሳት የለም።

ከዕፅ የተሠራ መርዝም ዕፅ ስለሆነ ብቻ የዋህ አይደለም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ብርብራ ፍሬው ተፈጭቶ ዓሣ ለማጥመድ ሲያገለግል ኖሯል፤ በውስጡ ያለው ሮተኖን ነፍሳትን ይገድላል፤ ዓሣውንም የሚያሰክረው ያው ነው። ኒም ለዘብ ያለ ነው፤ ትሉን ከመብላትና ከማደግ ያግደዋል፤ ዛፉ ግን የቆላ ሰው ስለሆነ ፍሬው ከድሬዳዋ በኩል ነው የሚመጣው። የነጭ ሽንኩርትና የሚጥሚጣ ውኃ ቅጠል ላይ ያለውን ያባርራል፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ወጥ ከመሆን አያልፍም። የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ኦርጋኒክ ተብሎ ለገበያ የሚቀርበውን ምርት ይመለከታል፤ ለራስ የተተከለ ቆስጣን የሚቆጣጠረው የቤቱ ባለቤት ሆድ ነው።

ከመርዙ ይልቅ የሚያዋጣው ወዳጅ ማብዛት ነው። ንጋት ላይ ከፒያሳ ሰማይ እንደሚሳለቅ ሰው እየጮኸ የሚያልፈው፣ መንቁሩ ረጅምና ወደታች የጎበጠው ጥቁር የአይቢስ ዝርያ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በዓለም የለም። ሥራው መንቁሩን አፈር ውስጥ እየሰካ የጢንዚዛ ትል መልቀም ነው። ድንጋጤ ካልበዛበት ወደ ግቢ ይወርዳል። ጥቁር ሯጭ ጢንዚዛና መቶ እግር ለመደበቂያ ደረቅ ቅጠል ቢተውላቸው ይበቃቸዋል። እንቁራሪትም ቀንድ አውጣ ትወዳለች። ዶሮ ከሁሉም ትበልጣለች፤ በተቆፈረ መደብ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ስትለቀቅ ዶማ የረሳውን ሁሉ ጭራ ታወጣለች። ዶሮ ማነቂያን የሚያህል ስም ተሸክሞ የኖረ ሰፈር ለዶሮ ይህን ውለታ ሳይከፍል መፍረሱ ያሳዝናል። ከተከላ በኋላ ግን ዶሮዋ ወደ ቆጥዋ፤ ችግኝን ከትል የመለየት ልማድ የላትም።

ተባዩ ሥር ሰዶ ያስቸገረበት መደብ በበጋ በፀሐይ ይቀቀላል። ለዚህ የሰፈሩ በዓላት ጥሩ ቀጠሮ ይሰጣሉ። የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11፣ ታቦታቱ ከጃን ሜዳ ከመመለሳቸው በፊት ወይም በኋላ፣ መደቡ ተስተካክሎ በደንብ ውኃ ይጠጣል፤ ደረቅ አፈር ሙቀት ወደ ውስጥ አያስገባም። ከዚያ ስስና ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይለብሳል። ጥቁር ፕላስቲክ ሙቀቱን ለራሱ ስለሚያስቀር አይሆንም። ጠርዙ ዙሪያውን በአፈር ይቀበራል፤ ነፋስ ከገባበት ሙቀቱ ያመልጣል። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ከአራት ሳምንት ይልቅ ስድስቱን መቁጠር ይሻላል። በዚህ መሃል ድመት እንዳትሄድበት መጠበቅ ነው፤ ሙቀቱ ስለሚመቻት ትመጣለች፣ ጥፍሯም ፕላስቲኩን ይበሳል። የተበሳው በፕላስተር ይደፈናል። ስድስት ሳምንቱ የሚሞላው የካቲት 23 ነው፤ ሰዉ በፈረሱ ሐውልት ዙሪያ ለዓድዋ በዓል ሲሰበሰብ፣ ግቢ ውስጥ ፕላስቲኩ ይነሳል። መደቡ ወዲያው ለበልግ ችግኝ ይዘጋጃል፤ ዶማው ግን ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ አይግባ። ፀሐዩ ያልደረሰበት ትል ከዚያ በታች ገና እንደተኛ ነው።